ባልሽ ብይ ጀመረ አሉ

ፍራንክፈርት የሚኖር ሐበሻ ዕድሜው ከሃምሳ ሲያልፍ የሚይዘው አመል ይታወቃል። አንዱ ለገጣፎ የጀመረውን ቤት በስልክ ያስገነባል። አንዱ ደም ግፊቱን ጠዋትና ማታ እየለካ ለወዳጅ ዘመድ ያስታውቃል። ሌላው የማኅበሩ ሊቀመንበር መሆን ሲያቅተው ተገንጥሎ የራሱን ማኅበር ያቋቁማል። እኔ ብይ ያዝኩ። ሚስቴ ይህን የሰማችው ከዕቁብ ጓደኛዋ ነው። «ባልሽን ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ተንበርክኮ አየሁት። ጤናው ደህና ነው?»

ደህና ነኝ። የምፈልገውም ሰፈር ውስጥ ስንበላና ስንበላበት ያደግነውን፣ ሆዱ ውስጥ ቀለም የተጠማዘዘበትን የመስታወት ብይ አይደለም። ጉልበተኞቹ ልጆች ከጋራዥ እያመጡ የኛን የሚፈረካክሱበትን የኩሽኔታ ብረትም አይደለም። የድንጋይ ብይ ነው፤ አጌት ከሚባለው ድንጋይ በእጅ የተሠራ፣ መቶ ዓመት ያለፈው። አጌት የኬልቄዶን ዘር ነው። የዮሐንስ ራእይ ለሰማያዊቷ ኢየሩሳሌም ሦስተኛ መሠረት ያደረገው ያንን ኬልቄዶን ነው፤ ጀርመኖች ደግሞ ጠርበው ልጆቻቸውን ብይ አጫወቱበት።

አገሩ ኢዳር ኦበርሽታይን ነው፣ ከፍራንክፈርት በስተምዕራብ። ብሩስ ዊሊስ በ1955 የተወለደው እዚያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ለጉዳያችን አይጠቅምም፣ ግን ለሚስቴ ስነግራት ስለዚህ ከተማ ሰምታ የጨረሰችው ብቸኛ ዓረፍተ ነገር እሱ ሆነ። ከተማው በድንጋይ ጠራቢዎቹ ነው የሚታወቀው። ወንዝ የሚያዞረው፣ ከሰው ቁመት ብዙ የማያንስ ትልቅ የአሸዋ ድንጋይ መሞረጃ ነበራቸው። ሠራተኛው ዝቅ ያለ የእንጨት በርጩማ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ እግሩን ወለሉ ላይ ከተመታ ግንድ ጋር አስደግፎ፣ አጌቱን በሙሉ ጉልበቱ መሞረጃው ላይ ይጫናል። ቀን ሙሉ እርጥበትና የድንጋይ ብናኝ ይተነፍሳል፤ ሳንባውን የሚጨርሰውም ያ ነበር። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ፣ ቫይየርሽላይፈ የሚባለው፣ እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። አባት በሆዱ ተኝቶ የሠራውን ልጅ በሆዱ ተኝቶ ይጫወትበታል፤ ለልጅ መጫወቻ ይህን ያህል የደከመ ሕዝብ እኔ አላውቅም። የራሳቸው ተራራ አጌት ሲሟጠጥ ከብራዚል በመርከብ ያስመጡ ጀመር። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ እንደሆነ ድንጋዩን ማር ወይም ስኳር ባለበት ውኃ ዘፍዝፈው፣ ከዚያ በሰልፈሪክ አሲድ ያጠቁሩታል። በኬሚካል ማታለል ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ።

በርካሹ በኩል፣ ባቫሪያ ውስጥ በርሽተስጋደን አጠገብ ከ1683 ጀምሮ እብነ በረድ እያድበለበለ ያለ የውኃ ወፍጮ አለ፤ ዛሬም ይሠራል። ድንጋዩን የገደለው መስታወት ነው። በ1840ዎቹ ላውሻ የሚባል ከተማ ውስጥ የመስታወት ብይ የሚቆርጥ መቀስ ተሠራ። በ1905 ደግሞ ኦሃዮ፣ አክሮን ውስጥ ማርቲን ክሪስተንሰን የሚባል ሰው የመስታወት ብይ ማሽን የፈጠራ መብት አወጣ፤ በሆዱ ለሚተኛው ሰው ነገር አበቃለት።

አሁን ወደ ሙያው። አሮጌውን ከአዲሱ በምን ትለያለህ? ክብደት አይረዳም፤ መስታወትና አጌት ሚዛን ላይ ያን ያህል አይለያዩም። መስታወት ውስጥ ትንንሽ የአየር አረፋ ካየህ ነገሩ አለቀ። አጌት በቢላ ቢፋቅ አይጫርም፤ ሻጭ ፊት ቢላ መምዘዝ ግን በዚህ አገር፣ በተለይ እኔን ለመሰለ ሰው፣ አይመከርም። የኖራ ድንጋይ ኮምጣጤ ጠብ ሲልበት ይፈላል፤ ፊቱም አብሮ ይበላል፣ ስለዚህ ተወው። ዋናው ምርመራ አንድ መብራትና 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ነው። ብዩን በሁለት ጣት ይዘህ ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ። በእጅ የተሠራ ከሆነ ገጹ በቢላ እንደተላጠ ድንች ነው፤ መሞረጃውን በነካ ቁጥር የቀረች ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አለች፣ ብርሃኑም ከአንዷ ወደ አንዷ ይዘላል። ዛሬ ከህንድና ከብራዚል በማሽን ተድበልብሎ የሚመጣው ላይ ግን ብርሃኑ ምንም ሳይነካው ይንሸራተታል። እንከን ከሌለው እንከኑ እሱ ነው። በልጅነታችን ጎርበጥ ያለ ብይ የያዘ ልጅ ጨዋታ አይገባም ነበር፤ ጉድ እኮ ነው። ከቆዳው ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ ካለበትም ተመትቷል፣ ተጫውተውበታል ማለት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ እኔ ግን በግሌ ጨረቃ የሌለበትን ብይ አላምነውም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማይን ዳር፣ አንዲት አሮጊት የአዝራር ቆርቆሮ ዘርግተው አገኘሁ። አዝራሮቹ መሃል ቡናማ፣ ወገቡን ነጭ መቀነት የታጠቀ፣ ቆሻሻ የለበሰ ድንጋይ። በስልኬ መብራት አዞርኩት። ብርሃኑ ዘለለ። ልቤም ዘለለ፤ ፊቴ ግን መርካቶ ያደገ ፊት ነው፣ ምንም አላለም።

«ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት ዩሮ።»

በደንቡ መሠረት ማጣጣል ጀመርኩ። «ውይ! ይኼ የቆሸሸ? ክብም አይደለም እኮ፤ ይኸው ጎርባጣ ነው።»

የመርካቶ ነጋዴ ቢሆን «ወንድሜ፣ ዓይንህን ታጠብ» ብሎኝ ክርክሩ ይሟሟቅ ነበር። ሴትዮዋ ግን ተቀብለውኝ ዓይናቸው ላይ ሐዘኔታ መጣ። «ልክ ብለዋል፣ እኔም አፍሬበታለሁ። የልጅ ልጄ የድንጋይ ማለስለሻ ማሽን አለው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያ ውስጥ ይከተውና አዲስ መስሎ፣ ድብልብል ብሎ ይጠብቅዎታል። በዚያው ዋጋ!» ብለው ድንጋዩን በመሐረብ መጠቅለል ጀመሩ።

የመቶ ዓመት የሰው እጅ በአንድ ሳምንት ሊታጠብ! ሃያ ዩሮ አውጥቼ መልስም ሳልጠብቅ ከመሐረቡ ጋር ነጠቅኳቸው ማለት ይቀላል። ከኋላዬ «ጌታዬ! መልስዎ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማኛል፤ አልዞርኩም።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ዋጋውን ጠየቀች። ነገርኳት። ድንጋዩን አንስታ አየችው፣ አስቀመጠችው፣ «በዚህ ብር ስንት ኪሎ በርበሬ ይመጣል» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቡና ሊጠጣ የመጣው ጓደኛዬ ግን ሌንሱን ከእጄ ተቀብሎ፣ ስኒው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልመለሰልኝም። ዝም ማለቱ አሳስቦኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከገበያው ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዱን አግኝቻለሁ፤ አጌት ነው፣ መቶ ዓመቱ ነው ብሎኛል። ልግዛው?»

«ክብነቱስ?»

«ኧረ ድንቅ ነው! የትም ቢያዞሩት እንከን የለውም።»

«አስቀምጠህለት ና» አልኩት።