በበርጫ ሰዓት ሜይንኔት አይነካም

ሐረር ተቀምጠህ ብሎክቼይን ላይ ኮድ ልትጽፍ የቆረጥህ ወጣት ሆይ፣ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተሰይመህ ምርቃናው ሲገባ፣ የሐረርጌ ቡና ነጋዴ ሁሉ ሳይመሽ አንተ በጻፍከው ስማርት ኮንትራት የሚገበያይ ይመስልሃል። ይህን ሐሳብ አትናቀው፤ ቁጭ ብለህ ጻፈው። ነገር ግን ቴስትኔት በሚባለው የሙከራ ኔትወርክ ላይ ጫነው። ሜይንኔት በሚባለው በእውነተኛው ኔትወርክ ላይ የወጣ ኮንትራት እንዲታረም ተደርጎ ካልተሠራ፣ በጨብሲ ሰዓት «አቦ፣ ተሳስቼ ነው» ብትለው አይሰማህም። ለመጫን የከፈልከው የጋዝ ክፍያም እውነተኛ የኢቴሪየም ገንዘብ፣ ኢተር፣ ነው፤ አይመለስም።

ለመተግበሪያ ሠሪ ዛሬ የሚመከረው የኢቴሪየም ቴስትኔት ሰፖሊያ ነው። ስሙ የአቴንስ ባቡር ጣቢያ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሮፕስተንና ሪንከቢም የስቶክሆልም ጣቢያዎች ናቸው፤ ሁለቱም ተዘግተዋል። የእኛን ሐዲድ ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ወስዳዋለችና በአደባባያችን በ«ፈረስ መጋላ» ስም የሚጠራ ቴስትኔት እጠብቃለሁ ብለህ ሥራ አትፍታ።

የሙከራ ሳንቲም ፎሴት ከሚባሉ ድረ ገጾች በነጻ ይገኛል፤ ሜይንኔት ላይ ግን አያልፍም። ለሐረሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋን ያየው ሪቻርድ በርተን እንደጻፈው፣ አሚሩ መሐለቅ ከሚባለው ከራሳቸው ገንዘብ ሌላ ሳንቲም በከተማዋ የሚያዘዋውረውን ያለ ርኅራኄ ይቀጡ ነበር። ልዩነቱ መሐለቅ ዕቃ ይገዛ ነበር፤ የቴስትኔት ሳንቲም ምንም እንዳይገዛ ታስቦ የተሠራ ነው። የሰው ልጅ ግን ይህንንም ከመሸጥ አልተመለሰም። የቢትኮይን የመጀመሪያ ቴስትኔት ተሰርዞ እንደገና የተጀመረው፣ ሰዎች ሳንቲሙን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ስለጀመሩ ነበር። ጎርሊ የተባለው የኢቴሪየም ቴስትኔት ኢተርም እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ «የሰፖሊያ ኢተር በቅናሽ አለኝ» የሚል ወዳጅ ከመጣ በክብር ቡና አጠጥተህ ሸኘው።

ዋናው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ በሁለቱም ኔትወርክ ላይ ያንኑ አድራሻ ይከፍታል። «ለሙከራ ነው» ብለህ ቁልፉን ከኮዱ ጋር ጊትሀብ ላይ ከለጠፍክ፣ ሜይንኔት ላይ ያለህን የሚጠርጉ ሮቦቶች ሌት ተቀን አይተኙም። ለሙከራ የተለየ ዋሌት ክፈት። ከመላክህ በፊትም የኔትወርኩን መለያ ቁጥር ተመልከት፤ የኢቴሪየም ሜይንኔት 1፣ ሰፖሊያ 11155111 ነው። ቁጥሩ አጭር ከሆነ እጅህን አንሳ።

በመጨረሻም፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ለዚያ ወዳጅህ ያጠጣኸውን ቡና በሰፖሊያም ሆነ በእውነተኛ ኢተር ልክፈል አትበል፤ በብር ክፈል።