በ30 ፐርሰንት የሚሞት ስልክ

በዕድሜዬ ብዙ ውሸታም አይቻለሁ። «30 ፐርሰንት አለኝ» ብሎኝ፣ «ሃሎ» ከማለቴ ድርግም የሚል ግን ይሄ ስልኬ ብቻ ነው። መልሼ ስሰካው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «28» ይለኛል። የቱን ልመን?

ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር ሰው «ባትሪ አለቀብኝ» ሲል የሚወርድበትን ቀልድ ራሳችሁ ገምቱት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬ ጠፍቶ ባየኝ ቁጥር የሚቀልደው ጎረቤቴ ሁሌም አዲስ ያመጣ ይመስለዋል።

ከቀልዱ የባሰው ግን ምክሩ ነው። አንዱ እኩያዬ «ፀሐይ ላይ አስጣው» አለኝ። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ለዜና ሰዓት የምናደርስበት ዘመን ትዝ ብሎት ነው። ድንጋዩ ሲሞቅ በርግጥም ትንሽ ይነቃ ነበር። የስልክ ባትሪ ግን ሊቲየም ነው፤ ሙቀት ጠላቱ ነው። ሌላው ደግሞ «ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ ተጠቀምበት፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሰክተኸው እደር» ይላል። ይሄ ለድሮው የኒኬል ባትሪ የሚሰጥ ምክር ነበር፤ ባትሪው ሲቀየር ምክሩ ሳይቀየር ቀረ። ሊቲየም የሚስማማው መሃል መሃሉ ነው፤ ከ20 እስከ 80 ባለው ውስጥ ሲውል ዕድሜው ይረዝማል። የልጅ ልጄ በበኩሏ የተከፈተውን አፕ ሁሉ በጣቷ ጠርጋ «አባባ፣ አጸዳሁልህ» ትለኛለች። የተጠረገው አፕ ተመልሶ ሲከፈት ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል፤ ባትሪውንም እንደገና ይበላል።

እኔ ቆጣሪ ሳነብ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ሂሳብ በዛብኝ» ብሎ ለሚጮህ ደንበኛ የምለው አንድ ነበር፦ መጀመሪያ የሚበላውን እወቅ። ስልክም ቆጣሪ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ባትሪ» የሚለውን ብትነኩ የበላተኞቹን ስም ከነድርሻቸው ይደረድረዋል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት።

አንደኛው ስክሪኑ ነው። ዓይኔ ስለደከመ ላይቱ እስከ ጥግ ተለቋል፤ እሱን አልፈርድበትም። «ጥቁር አድርገው፣ ባትሪ ይቆጥባል» ያሉኝም ነበሩ። ጥቁሩ የሚቆጥበው እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ የምትበራበት ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። የእኔው ርካሽ ኤልሲዲ ነው፤ ጥቁርም ነጭም ሲያሳይ ከጀርባው ያለው መብራት እኩል ይነዳል። እኔ የተጠቀምኩት ነገር ቢኖር ማንበብ አለመቻሌ ነው።

ሁለተኛው ቴሌግራም። የእድሩ፣ የእቁቡ፣ የሰፈር ኮሚቴው፣ የአብሮ አደጎቹ ግሩፕ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ «መልካም ቀን» የሚል ጽጌረዳ በቪዲዮ። እኔ ተኝቼ ስልኩ ጽጌረዳ ሲያወርድ ያድራል! ድሮ እድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበረው። ሌሊት ሰው ሲያርፍ በየደጁ ዞሮ ይነፋል፣ ሰፈሩ ይነሳል። ጥሩምባ ቻርጅ አይፈልግም።

ከታች ከፍቼው የማላውቀው ቲክቶክ ተቀምጧል። የማን እጅ እንዳለበት አውቃለሁ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ከእሱ ቀጥሎ ካርታው፣ የት እንዳለሁ በየደቂቃው ያጣራል። የት እሄዳለሁ ብሎ ነው? ለቡ ነኝ። ትናንትም ለቡ ነበርኩ።

ዝርዝሩ ላይ በደንብ የማይታይ በላተኛም አለ፤ ኔትወርክ። ቤቴ በሁለት ፎቅ መሃል ነው፤ ሲግናሉ አንዴ አራት መስመር፣ አንዴ ባዶ። ስልክ ታወሩ ሲርቀው ወይም ግድግዳ ሲጋርደው የሚልክበትን ኃይል ይጨምራል፤ ሲጠፋበት ደግሞ ፍለጋውን አያቆምም። «ሌሊት ኤርፕሌን ላይ አድርገው» ይሉኛል። ትልቁ ልጄ አሜሪካ ነው፤ ከሥራ ገብቶ የሚደውለው እዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዘግቼበት ባድር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ባለቤቴ ደግሞ «ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ያንተ ስልክ ነው» ትለኛለች። ይሄ የሙያዬ ጉዳይ ነውና አሰላሁት። ባለ 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 19 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በየቀኑ ከባዶ ቢሞላ፣ በቻርጀሩ የሚባክነውም ቢታከል፣ በዓመት 10 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህንኑ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። አልነገርኳትም። እንጀራ የሚበላ ሰው እንዲህ ያለውን ሂሳብ ጮክ ብሎ አያወራም።

ወደ ውሸቱ ልመለስ። ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ እንደ አሠራሩ ይለያይ እንጂ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ወደ 80 ፐርሰንት ይወርዳል ይባላል። ያ ባልከፋ ነበር። ውስጡ ያለው ሬዚስታንስም ይጨምራል። ስልክ ስትደውሉ ወይም ካሜራ ስትከፍቱ ብዙ ኃይል በአንዴ ሲሳብ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አምፖል እንደሚደበዝዘው። ስልኩም ደንግጦ ይዘጋል። 30ው ውስጥ አለ፣ መውጣት ግን አይችልም። አፕል ይህንን መዘጋት ለመከላከል ያረጁ አይፎኖችን ፍጥነት እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2017 አምኗል፤ ለባለቤቶቹ ሳይነግር በማድረጉም በ2020 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

የሚገርመኝ ለዚህ ባትሪ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጆን ጉዲናፍ ናቸው። በ2019 ኖቤል ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር፤ እስከ 100 ኖረዋል። ሰውየው ከባትሪያቸው ይልቅ ቻርጅ ይይዙ ነበር።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ፋዘር፣ ይቀየር» አለ። «ኦሪጅናል ነው?» ስለው «እንደ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። በኖኪያ ጊዜ ክዳኑን በጥፍር ከፍተን ቢኤል 5ሲ የምትባለውን ባትሪ አውጥተን ሌላ እንከት ነበር። የዛሬው በሙጫ ተለጥፏል፤ ጀርባው በሙቀት ካልተላቀቀ አይከፈትም። «አብጧል?» አልኩት፤ ያበጠ ባትሪ ቀልድ የለውም፣ እሳት ነው፣ ወዲያው ይወጣል። አላበጠም። እንግዲያው እስኪያብጥ ድረስ ጡረታዬን አልሰጥም ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የበላተኞቹን መስመር አንድ በአንድ ቆረጥኩ። ቴሌግራም በራሱ እንዳያወርድ፣ ካርታው ስከፍተው ብቻ እንዲያጣራ፣ ስክሪኑ በ30 ሰከንድ እንዲተኛ። ቲክቶኩን አጠፋሁት፤ ለቅሶው ሌላ ታሪክ ነው። ስልኩ ቀትር ላይ መሞቱን ትቶ አሁን እስከ ምሽት ይደርሳል።

ግን ማን አመስግኖኝ? «ባትሪ ዘግቶብኝ ነው» የምትለዋን የመሰለች ምክንያት ከእጄ ወጣች። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘቡም እዚያው ስልክ ውስጥ ነውና፣ ብድር የሚጠይቀኝ ዘመድ «አሁኑኑ ላክልኝ» ይላል፤ ስልኬም ክፍት ነው። የእድሩ ሰዎች ደግሞ ገንዘብ ያዥ ሲመርጡ «ሲደወልለት የሚነሳው የእሱ ብቻ ነው» ብለው በሙሉ ድምፅ እጅ አወጡብኝ። መዋጮ ያልከፈሉትን እየዞርኩ የምደውለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር ባትሪ የላቸውም።