ጤና አዳም የሚወስድልኝ አጣሁ

ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው አንድ ጣሳ ጤና አዳም ከበቂ በላይ ነው። በቀን ሦስቴ ቡና ቢያፈላ እንኳ ለየሲኒው አንዳንድ ቅንጣቢ ቢጥል ነው። ተክሉ ግን ይህን ሂሳብ አያውቅም። የካሊፎርኒያ ፀሐይ ተስማምቶታል፤ ውኃ ቢረሱትም አይቀየምም። ሲከረክሙት ይበዛል፤ የተከረከመውን መጣል ደግሞ ግፍ ስለሚመስል አፈር ላይ ይሰኩታል፤ እሱም ሥር ይይዝና የራሴን ጣሳ አምጣ ይላል። በረንዳዬ ላይ ሰው መቆም ካቆመ ቆየ።

መሸጥ ነዋ! እዚህ ከተማ ሜክሲኳውያን ይህንኑ ተክል ‹‹ሩዳ›› ብለው በየገበያው በእስር ይቸበችቡታል። እንደኛው ክፉ ዓይን ያባርራል ይላሉ። እነሱ ዶላር የሚቆጥሩበትን እኔ ምን አጉድዬ? ችግኞቼን በካርቶን አደረግሁና በኦሎምፒክ ጎዳና በሚሄደው 28 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የጤና አዳምን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አጠገቤ ያለው ወንበር እስከ ፌርፋክስ ድረስ ባዶውን ሄደ።

ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለውን የፌርፋክስ ጎዳና ከተማው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ‹‹ሊትል ኢትዮጵያ›› ብሎ በይፋ ሰይሞታል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የደረቀው ጌሾ ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል፤ ማንም አይቀየምም። የምታውቁት ሰው በእጁ ያሳደገው ተክል ላይ ዋጋ ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ይመጣል።

‹‹ስንት ነው ልጄ?›› አሉኝ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት።

‹‹አምስት ዶላር ነው እማማ።››

‹‹ለእኔም?››

ይህችን አንዲት ቃል የሚቋቋም ነጋዴ ካለ በሀገር ልጅ መሐል ያደገ አይደለም። ‹‹ኧረ እማማ፣ ዝም ብለው ይውሰዱት!›› አልኩ። ‹‹በነፃማ አልወስድም፣ ምን ቆርጦኝ!›› አሉና ሄዱ። ጥቂት ቆይተው ግማሽ ድፎ ዳቦና በእርጎ ዕቃ የተተከለ በሶብላ ይዘው መጡ። ከእሳቸው ኋላ የመጡትም እንዲሁ ነበሩ፤ አንዷ የጠጅ ሳር፣ አንዱ የሚጥሚጣ ችግኝ። የእኛ ገበያ ገንዘቡ ይሉኝታ ነው። እንደ ዶላር ኪስ ውስጥ ስለማይገባ ግን ካርቶኑ ከሄደበት ይልቅ ከብዶ ይመለሳል።

ሳውዝ ሎስ አንጀለስ የሚኖረው ሮን ፊንሊ ይህን ጣጣ አያውቀውም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቤቱ ፊት ለፊት፣ በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ አትክልት ተከለ፤ የመንደሩ ሰው እንዲለቅምም ፈቀደ። የከተማው አስተዳደር ፈቃድ የለህም ብሎ አስጨነቀው፤ ኋላ ላይ ግን ደንቡ ራሱ ተሻሻለ። ለሱ ያስቸገረው ደንብ ነው። እኔ ያን አድርጌ ቢሆን አላፊ አግዳሚው ሐበሻ አንዲት ቅጠል ቀጥፎ እንጀራ በሰሐን ያመጣልኝ ነበር።

አንድ ሰሞን በረንዳዬ ላይ ያለው ጤና አዳም በአንድ ጊዜ ቅጠሉ አለቀ። እማማ በስልክ ሲሰሙ አልተጠራጠሩም፤ ‹‹ቡዳ በልቶት ነው›› አሉ። እንግዲህ ቡዳ የሚከላከለውን ቡዳ ከበላው ወዴት አቤት ይባላል? ቀረብ ብዬ ሳይ ግንዱ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በእንጨት ነካ ባደርገው ከጭንቅላቱ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ በሚከረፋ ሽታ ተቀበለኝ። አባጨጓሬ ነው። ሲያድግ ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ይሆናል። ዋና ምግቡ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ነው፤ ጤና አዳምም በዕፅዋት የዘር ሐረግ የሎሚ ዘመድ ስለሆነ ከዘመድ ቤት ጎራ ማለቱ ነው።

የሎሚ ችግኝ ላምጣልህ ያለኝም ነበር። እዚያ ላይ ግን ቀልድ የለም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሃሲየንዳ ሃይትስ ውስጥ አንድ ግቢ ላይ መድኃኒት የሌለው የዛፍ በሽታ ከተገኘ ወዲህ፣ በሽታው ባለበት ክልል የሎሚና የብርቱካን ችግኝ ከግቢ ወደ ግቢ ማዘዋወር ክልክል ነው። በዕድሜዬ ስጦታን ያለ ሐሜት እምቢ ያልኩት ሕግ ስለደረሰልኝ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የተረፈ ነገር ወሬ ነው። ያልተረፈው ኮሰረት ነው። ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆን፣ ሥር የያዘ ኮሰረት ያለው ሰው ባንክ ያለው ያህል ይጠነቀቃል። ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም መልሱ ‹‹ሰው ሰጥቶኝ ነው›› ነው። በሀገር ቤት በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ እዚህ አንዲት የኮሰረት ቅንጣቢ ለማግኘት አማላጅ ይላካል።

እማማ አላቸው። ብዙ ጤና አዳም፣ ብዙ ቡናና አንድ የጥምቀት ዋዜማ ካለፉ በኋላ፣ በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለለች እርሳስ የምታክል ቅንጣቢ ከቦርሳቸው አወጡ። ግራ ቀኝ አይተው አስጨበጡኝ።

‹‹ለማንም እንዳትሰጥ። በተለይ ለእህቴ።››

‹‹ለእህትዎ? ምነው እማማ?››

‹‹የሰጠችኝ እሷ ናት። የሷ ደርቆባታል፤ ይድረቅባት! ሰጥቻት ነበር እያለች ሰፈር አዳርሳለች።››

ኮሰረቷ ያዘች። በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚበዛበትን ጥግ ሰጥቻታለሁ። ሰሞኑን ታዲያ እህትየው ከኢንግልውድ ደወሉ። ደረቅ ያይደለ፣ በቁሙ ያለ የጌሾ ተክል አለኝ፣ በኮሰረት ብንለዋወጥስ ይላሉ። ምን ብዬ እንደመለስኩ እዚህ አልጽፍም፤ እማማ መጽሔት ያነባሉ።