ዘጠኝ ሰዓት

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኳች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ላፕቶፗን በሁለት እጇ አቅፋለች። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪዋን በነፃ ለመማር አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች፤ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው፤ እነሱ ቤት ደግሞ ዋይፋይ የለም። እናቷ ከሁለት ቀን በፊት መጥታ «የእናንተ ቤት ኔት ደህና ነው አይደል?» ስትለኝ፣ «ምንም አታስቢ፣ እኔ አለሁ» ብያት ነበር። ኃላፊነቱን በገዛ አፌ ወስጃለሁ።

ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥናት። እናቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ልትቆላው ያጠበችውን ቡናም «ጭሱ ያስላታል» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቃለ መጠይቁ ተጀመረ። እኔ ጓዳ ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ስለ መመረቂያ ጥናቷ ስትጠየቅ ድምፅዋ ቀና አለ። በልቤ «በርቺ» እላለሁ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲል ድምፅዋ ቆመ። «ሄሎ? ካን ዩ ሂር ሚ?» አለች። መልስ የለም።

ሮጬ ወደ ራውተሩ ሄድኩ። መብራቶቹ ጠፍተው አንዷ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። መብራት አልጠፋም፤ ፍሪጁ ይሠራል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ዓይኖቿን ሳይ አእምሮዬ ተዘጋ። ከእናቴ የስፌት ሣጥን መርፌ አንስቼ ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼ ያዝኩ። አስር ሰከንድ ያህል። መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ በርተው ጠፉ።

እኛ በንግግራችን ሪስታርት እና ሪሴት የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ቃል ነው የምንጠቀምባቸው። «ሪሴት አድርገው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አጥፍተህ አብራው» ማለቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ቤት ጠርጎ በመግባትና ቤት አፍርሶ እንደ አዲስ በመሥራት መካከል ያለውን ያህል ነው። ሪስታርት ራውተሩን አሳርፎ ያስነሳዋል፤ የሚያውቀውን ሁሉ እንዳወቀ ይነሣል። የቀዳዳዋ ሪሴት ግን ከፋብሪካ የወጣ ዕለት ወደነበረበት ይመልሰዋል። የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠን የመስመሩ መለያና የይለፍ ቃል ይጠፋል። እንደኛ ባለው መስመር ራውተሩ ያንን መለያ ካላቀረበ በር አይከፈትለትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም እንኳ አልነበረም። መለያው የተጻፈበት ወረቀት ከስንት ዓመት በፊት ቤት ስንቀይር የት እንደገባ አላውቅም።

ልጅቷን በስልኬ ዳታ አገናኘኋት። ጠያቂዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ጠብቀዋታል። ግን አስራ አንድ ደቂቃ ሄዷል፤ ቪዲዮውም እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ቀሪውን በድምፅ ብቻ ጨረሱ። ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሦስት ቀን ያለ ኔት ቆየን። ደውዬ አመለከትኩ፣ ተመዘገብኩ፣ ጠበቅሁ። እሑድ ማታ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በቪዲዮ ይደውላል፤ እናቴም ነጠላዋን አስተካክላ ስልኩ ፊት ትቀመጣለች። በዚያ እሑድ ዳታዬም አልቆ ነበርና ነጠላዋን እንዳስተካከለች አመሸች። ምንም አላለችኝም።

ማክሰኞ አዲስ የይለፍ ቃል ተሰጠኝ፤ ራውተሩን የሚያስተካክልልኝ የሰፈራችን ኮምፒዩተር ጠጋኝ ልጅ መጣ። 192.168.1.1 ብሎ ገጹን ከፈተ። ይህ ቁጥር በብዙ ቤት አንድ ዓይነት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች፣ ከሌሎች ሁለት መደቦች ጋር፣ ለግል ኔትወርኮች ብቻ ስለተተዉ ነው፤ ከቤት ውጭ ማንም አይደርስባቸውም፣ ስለዚህ ማንም ይጠቀምባቸዋል። ስሙንም ፓስወርዱንም «አድሚን» ብሎ ገባ። መዝገቡን ሲከፍተው እያንዳንዱ መስመር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይላል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። «ተበላሽቷል ማለት ነው?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ ውስጡ ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ የለውም። ሲነሣ ከዚያ ቀን ነው የሚጀምረው፤ ኔት ሲያገኝ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ይወስዳል» አለኝ።

መስመሩ ተገናኘ። ሰዓቱም ወዲያው ታረመ። ከዚያ እኔ ቀድሞ የነበረውን ሁሉ እንዲመልስልኝ አንድ በአንድ እነግረው ጀመር፦ የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርዱን፣ በመጨረሻም «በየቀኑ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ አድርግልኝ፤ ካለፈው በፊት ባለው እሑድ ያስገባሁት ነው» አልኩት። «ስንት ሰዓት ላይ?» «ዘጠኝ። ሁሉም ሰው በተኛበት።»

ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አነሣ።

«ጋሼ፣ 09:00 ብለው ነው ያስገቡት?»

«አዎ።»

«እሱ እኮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳስገባሁ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ከ500 ሺህ ያላነሱ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን መያዙ ታወቀ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሕዝቡን «ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ» ብሎ እስከ መለመን ደርሶ ነበር፤ የፕሮግራሙ ጎጂ ክፍል ራውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና፣ ሥሩ ቢቀርም እንኳ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ራውተርን ማሳረፍ ጥሩ ልማድ ሆኖ ታየኝ። የእኛው ደግሞ ሰንበትበት ሲል ይንቀራፈፍ ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በፊት በነበረው እሑድ ማታ ገጹን ከፍቼ የሰዓት ክልሉን በትክክል ሞላሁ፤ ቀጥዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን በአእምሮዬ ይዤ ዘጠኝን ጻፍኩ። ማሽኑ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኔ ከንጋት። ስድስት ሰዓት በመካከላችን አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ሥራ ነኝ፣ እናቴም ኔት አትከፍትም፤ ራውተሩ በየቀኑ ሲወድቅና ሲነሣ ያየው ሰው የለም። ያቺ ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ሁለት ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ ራሱ ይመለስ ነበር። ይህን ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

ልጁ 03:00 ብሎ አስተካከለው። «አድሚን» የሚለውን ፓስወርድም እዚያው አስቀየረኝ። ይህን ማንንም እንዳያመልጠው ብናገር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሪሴት ያደረገ ሰው የፋብሪካውን ፓስወርድም አብሮ ነው የመለሰው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው በምንም ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ ስልሳ ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን ተራ በተራ እየሞከረ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ይዞ መሸጥን በሕግ ከልክላለች። እኛ ጋ ሕጉ እስኪመጣ ድረስ እጃችን አለ።

ሶፍትዌሩን ማደሱን ግን ለሌላ ቀን አቆየው። «መብራት በሚመላለስበት ቀን አይነካም፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ዕቃው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል» አለ። ይህም በልብ የሚያዝ ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የመጨረሻው ነገር ነው። ልጁ በዚያው ገጽ ላይ «ባክአፕ» የሚል ቁልፍ ተጫነ፤ አንዲት ትንሽ ፋይል ኮምፒዩተሬ ላይ ወረደች። ከፎቶ ታንሳለች። «ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ ነው። ሪሴት ቢሆን ይህን መልሰው ይጭኑበታል፤ ተመሳሳይ ሞዴል እስከሆነ ድረስ እንደነበረ ይነሣል» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያጣሁት ነገር በአንድ ቁልፍ መጫን ይቀመጥ ነበር። ቁልፉ ዓመታት ሙሉ እዚያው ነበር፤ እኔ ዋይፋዩን ልቀይር ስገባ አጠገቡ አልፌያለሁ። ስለዚህ ሪሴት በጭራሽ አይነካ አልልም፤ ቫይረስ የገባበትን ራውተር ለማጽዳት ራሱ ያስፈልጋል። ቅጂ ሳይያዝ አይነካ ነው የምለው። ፋይሉ ፓስወርዶቻችንን ስለያዘ በፍላሽ አድርጌ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ የመስመሩን መለያም በወረቀት ጽፌ አብሬ አድርጌያለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ውጤት ገና አልመጣም። እናቷን ደረጃ ላይ ባገኘኋት ቁጥር እጠይቃታለሁ።

ራውተር እየዞራችሁ ለምትተክሉ ልጆች አንድ ልመና አለኝ። ሥራችሁን ጨርሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ያችን ፋይል አውጥታችሁ ለባለቤቱ ስጡት፤ መለያውን በወረቀት ጻፉለት። ሰዓት የሚሞላበትን ቦታም አሳዩትና፣ ሌሊት ዘጠኝ ማለት 03:00 እንደሆነ ንገሩት።