በደም ፍላት አይደለም

ባለፈው ሐሙስ ታክሲ ተራው ጥግ የደም ልገሳ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የተሰለፉት አብዛኞቹ ቦርሳ ያንጠለጠሉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። አንድ ጎልማሳ ቆም ብለው አዩአቸውና፣ «የዛሬ ወጣት ከደም ፍላት ሌላ ምን አለው!» አሉ።

ተራዋ የደረሰ ልጅ እጅጌዋን እየጠቀለለች፣ «እሱኑ ሳይገነፍል ልናስቀዳው ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ሰውዬው አልተሸነፉም። «አንቺ ደግሞ እንዲህ ቀጥነሽ! ደም ግባትሽ ይጠፋል።»

«ደም ግባትማ ደም ለሰው ሲገባለት ነው።»

እኔ ከልጅቷ ወገን ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ታናሽ እህቴ የበኩር ልጇን ተገላግላ፣ እልል ብለን ሳንጨርስ ደሟ አልቆም አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ሐኪሟ ብቅ ብላ «አራት ከረጢት ያስፈልጋታል» ስትል ወንድሞቼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «የእናንተ አይደርስላትም» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ከወሊድ በኋላ የማይቆም ደም ጤነኛዋን ሴት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የወንድም ደም ተቀድቶ፣ ተመርምሮ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? የሚያድናት ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ተመርምሮ አልፎ ፍሪጅ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠላት ደም ነው።

የመጀመሪያው ከረጢት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ደሙ ከማውቀው ቀይ የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። በላዩ የደም ዓይነቱ፣ አንድ ረጅም ቁጥር፣ የተቀዳበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ስም የለውም። ነርሷ ቱቦውን በጣቷ ነካ ነካ ስታደርገው ጠብታው መውረድ ጀመረ። እናቴ መቀነቷን እንደጨበጠች ጠብታ ትቆጥራለች። «የማን ልጅ ደም ነው?» አለች በመጨረሻ። «የተማሪዎች ነው እማማ፤ ሰሞኑን ከየካምፓሱ የተቀዳ።» እናቴ የማታውቃቸውን ልጆች ስትመርቅ አነጋች።

እና «ለማያውቁት ሰው ደም መስጠት ምን ይባላል?» የሚለኝ ሲመጣ መልሴ አጭር ነው፦ ደም መመለስ ይባላል። በአገራችን ደም መላሽ ሲባል ጠመንጃ አንግቶ ገዳይ የሚያሳድድ ነበር፤ አንዱ ደም ሌላ ደም እየጠራ ስንት ቤት ተዘግቷል። ያን ሌሊት ለእህቴ አራት ደም መላሾች ደረሱላት። አንዳቸውም ዘመዷ አይደሉም። ከአንዳቸውም ጀርባ ሬሳ አልቀረም።

«ድሮስ ዘመድ ለዘመዱ ይሰጥ አልነበር?» ይሰጥ ነበር እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1969 የአገሪቱን የደም ባንክ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር እስኪዛወር ድረስም ብዙው ደም የሚገኘው ቤተሰብ «ተኩ» እየተባለ ነበር። ዘመድ የሞላው ተካ። ከገጠር በአምቡላንስ ብቻዋን የመጣችውስ ማንን ትተካ? ዛሬ ተማሪው ክንዱን ሲዘረጋ ለእሷም ጭምር ነው፤ ይህን ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

«ያደክማል» ለሚሉ፦ ከአምስት ሊትር ገደማ ደማችን የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ነው። ፈሳሹን ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀዩ ሕዋስ ሳምንታት ይፈልጋል። ሦስት ወር ቆይታችሁ ተመለሱ የሚባለውም ለዚህ ነው።

«ወጣት የጀመረውን አይጨርስም» የሚሉትን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ዚምባብዌ ውስጥ ኤድስ ሰውን ሁሉ ባስፈራበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ 25 ዓመት ሳይሞላን 25 ጊዜ እንሰጣለን ብለው ቃል የተገባቡ ወጣቶች ማኅበር ተመሠረተ። ቁጥሩን አስሉት፤ በየሦስት ወሩ ማለት በዓመት አራቴ ነው፣ በ18 ቢጀምሩ እስከ 25 ድረስ ቢበዛ ሦስቴ ብቻ ቢቀሩ ነው የሚሞላው። ከዚያም በላይ ደሙ ለሌላ ሰው የሚሄድ ስለሆነ ራሳቸውን ከበሽታ ሊጠብቁ ተማማሉ። ይህን ነው ደም ፍላት የሚሉት?

አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰንም አለ። በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ደረቱን ተከፍቶ በሰው ደም ተረፈ። ዕድሜዬ ሲደርስ እመልሳለሁ አለ። 18 ዓመት እንደሞላው ጀመረና እስከ 81 ዓመቱ 1,173 ጊዜ ሰጠ፤ መርፌ ይፈራ ስለነበር አንድም ቀን ክንዱን ሲወጉት አላየም። ፕላዝማው ውስጥ ከተገኘው ፀረ እንግዳ አካል በተሠራው መድኃኒት 2.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንደተረፉ ይነገራል። ቃሉን የሰጠው የ14 ዓመት ልጅ ነበር።

አሁን እኔም የምጠይቀው አለኝ። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ነው። በተለመደው አያያዝ ቀይ ደም 35 ቀን ያህል ይቆያል፤ በሰኔ 7 የተቀዳው ሐምሌ 12 ያበቃለታል። የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን የሚፈልገው፣ ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍልማ ዕድሜው አምስት ቀን ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ወደየቤተሰቦቻቸው ይበተናሉ፣ ፍሪጁ ይሳሳል። ነፍሰ ጡር ግን ክረምት ነው ብላ ምጧን አታቆይም። በሐምሌ አጋማሽ የምትወልደው ሴት የማንን ክንድ ትጠብቅ? «የዛሬ ወጣት» እያልን በሰልፉ አጠገብ የምናልፈው የእኛው ክንድ የት ነው?

ያቺ ልጅ የክንዷን ጥጥ እንደያዘች ብስኩቷን እየቆረጠመች ስትወጣ ሰውዬው ቆመው አገኘቻቸው።

«እስከ ስንት ዓመት ነው የሚቀበሉት?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እስከ ስልሳ አምስት።»

«እኔማ ገና ሃምሳ ስምንቴ ነው።»

ልጅቷ ቀረብ ብላ ክንዳቸውን ያዝ አደረገችና ጠየቀቻቸው፤ «ቁርስ በልተዋል፣ ጋሼ?»