ለክቡር የምስክር መጥሪያ፦ የተበዳይ አድራሻ ስለማይጠፋብዎ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የምስክር መጥሪያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አድራሻው የማይጠፋ ሰውን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ስልኩን የተሰረቀ ሰው ንዴቱ በርዶለት፣ በዕቁብ ብር ሌላ ቀፎ ገዝቶ፣ "ዋናው ጤና ነው" ያሉትን ሁሉ አመስግኖ ሲያበቃ እርስዎ ከተፍ ይላሉ። መጀመሪያ የሚቀበልዎ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ነው። ሲያዩዎት ግማሽ ገጽ ወረቀት ነዎት። ስምና ቀን በእስክሪብቶ ተሞልቶብዎታል፤ ወይን ጠጁ ማኅተም ደግሞ ሰዓቱ ላይ አርፎ 3 ይሁን 8 አይለይም። ጥበቃው ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ እሷ ለሒሳብ ክፍል፣ ሒሳብ ክፍል ለሻይ ክበብ ሲቀባበሉ፣ ገና ባለቤቱ እጅ ሳይገቡ "ፍርድ ቤት ይፈለጋል አሉ፤ ምን አድርጎ ይሆን?" የሚለው ወሬ ፎቁን አዳርሷል።

ያደረገውማ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆሙ ነው። ከኋላ ተገፋ፣ ኪሱ ቀለለ፣ ዞር ሲል ሁሉም ሰው ጨዋ ሆኖ ታክሲ ይጠብቃል።

ቀጥሎ የባሰውን ሠራ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቀን ተጽፎበት እንዲፈረም ያዛል። ተበዳዩም ስሙን እስከ አያት፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩንና የሥራ ቦታውን አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። የስልኩን ካርቶን ገልብጦ 15ቱን የቀፎ መለያ ቁጥሮች አንድ በአንድ አስነበበ። በዚያች ሰዓት በመዝገቡ ላይ መኖሪያው የታወቀ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እርስዎም አልረሱትም።

ተጠርጣሪው ተይዞ ስልኩ ቢገኝ እንኳ ደስታው አጭር ነው። ስልኩ ኤግዚቢት ይባልና ቁጥር ተለጥፎበት ፍርዱን ይጠብቃል። ባትሪው ያብጣል፤ ሞዴሉ ያረጃል። ተጠርጣሪው ግን ዋስ ጠርቶ ይወጣል።

የቀጠሮው ዕለት ተበዳዩ ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ይዟል። የችሎት አስተናባሪው ብቅ ብሎ "ስልክ አጥፉ!" ይላል። ለእሱ ይህ ትእዛዝ አዲስ አይደለም፤ ከወራት በፊት መገናኛ ላይ አጥፍቷል። ስሙ ይጠራል፣ አቤት ይላል። የተከሳሹ ስም ይጠራል፣ ዝም። ተለዋጭ ቀጠሮ።

እዚህ ላይ የሕጉን ደግነት ልብ ይሏል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 መሠረት ስርቆት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 161 ደግሞ ተከሳሽ በሌለበት ጉዳዩ እንዲታይ የሚፈቅደው በዋናነት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስከትሉ ወንጀሎች ነው። ስለዚህ የስልክ ሌባ ከጠፋ አይዳኝም። ፖሊስ ፈልጎ እንዲያቀርበው ይታዘዛል፤ ፖሊስም ተከሳሹን በሰጠው አድራሻ እንዳላገኘው ጽፎ ይመልሳል፤ በመጨረሻ "ተከሳሹ በተገኘ ጊዜ ይንቀሳቀሳል" ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል።

ተበዳዩ ቢጠፋስ? መጥሪያ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ምስክር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 448 ራሱ ጥፋተኛ ነው። "ታስሮ ይቅረብ" የሚለው ትእዛዝም እሱን ለማግኘት አይቸገርም፤ የቤት ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ አለ።

ክቡር ሆይ፣ ምስክር ካልቀረበ ክሱ እንደሚወድቅና ሌባው በነጻ እንደሚሄድ ተበዳዩ ያውቃል። ቅሬታው መጠራቱ ላይ አይደለም። ቅሬታው ግዴታውን በሦስት መስመር ነግረውት መብቱን አለመንካትዎ ነው። የዚያው የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 154 ወንጀል የተፈጸመበት ሰው የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር ካሣ እንዲወሰንለት ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ይህን ስንቱ ተበዳይ ሰምቶ ያውቃል? ብዙው ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሚያስበው የታክሲ ሒሳቡንና የአለቃውን ፊት ነው።

ስለዚህ ልመናው ሁለት ነው። ጀርባዎ ባዶ ነውና አንቀጽ 154 እዚያ ላይ ይጻፍ። ከሥሩም ተበዳዩ ከቤቱ ሳይወጣ ችሎቱ መኖሩን የሚጠይቅበት የመዝገብ ቤት ስልክ ቁጥር ይታከል። ይህ ከተደረገ ተበዳዩ በሰዓቱ ይገኛል፤ ድሮም ቢሆን የሚቀረው እሱ አይደለም።

ከሰላምታ ጋር