ሻንጣ የማይፈልግ ጉዞ

በትንሽ ገንዘብ ውጭ አገር ማየት የፈለገ ፈረንጅ ካርታ ያገላብጣል፣ ርካሽ ማደሪያ ያፈላልጋል። የሶዶ ወጣት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ደላላው ደጁ ድረስ ይመጣለታል። የአባት በሬ ይሸጥ፣ ከመሬቱም ቁራሽ ይጨመር እንጂ ሌላው የደላላው ሥራ ነው።

መስተንግዶው ሙሉ ነው። በሞያሌ ወጥቶ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፤ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ። ማደሪያው ጫካ፣ መቀመጫው የጭነት መኪና ሆድ። ከቦሌ ጆሃንስበርግ በአውሮፕላን 6 ሰዓት አይሞላም፤ ግን በአውሮፕላን የሄደ ሰው ምን አገር አየ? ሒሳቡ መንገድ ላይ ከጨመረም (ይጨምራል) ወደ ቤት ይደወላል፤ የቀረችው ላም ለገበያ ትወጣለች።

አየር ብቻ በዋጋው ውስጥ አልተካተተም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በተከፈተ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ከተነገረላቸው 78 ሰዎች 64ቱ ሞተው ተገኙ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ማላዊ፣ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጣ። ደላላው ይህን ሲጠየቅ አይደነግጥም፤ «እነዚያ በሌላ ሰው የሄዱ ናቸው» ይላል። ምንጊዜም በሌላ ሰው ነው።

የደላላው ልጅ ግን በዚያ መኪና ሲሳፈር ያየ ካለ ይንገረኝ። እሱን የምታገኙት ቦሌ ነው፣ ሻንጣህ 2 ኪሎ ተርፏል ተብሎ ሲጨቃጨቅ።